«ሔግ ፈለግ የለውም» ለሚሉ

ነገረ ሕግ፦
ስለ ዘር ማጥፋት ክሶች ስንነጋገር «ሔግ ፈለግ የለውም፤ አንቀጽ 59 እያለ የቆየ ፍርድ መጥቀስ ጊዜ ማባከን ነው» የሚል አስተያየት ተጽፎ ደጋፊ ሲበዛለት አየሁ። ተናድጃለሁ። ፈለግ የምንለው በኋላ የሚመጣ ዳኛ የሚከተለውን ቀዳሚ ውሳኔ ነው። የፍርድ ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ 59፣ ሔግ ያለው የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተከራካሪዎቹን፣ ያውም በዚያው ጉዳይ ብቻ እንደሚያስገድድ ይናገራል። ፍርዱ የቆመበትን ምክንያት ግን አይነካም። ካሜሩን ስትከሳት ናይጄሪያ ይህንኑ አንቀጽ ይዛ ተከራክራ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. አድርጋችሁ ያዙልኝ) ምን አለ? ጥያቄው ናይጄሪያ በሌሎች ፍርድ ትገደዳለች ወይ ሳይሆን፣ ከቀድሞው ምክንያት የምንወጣበት ሰበብ አለ ወይ ነው አለ። ሰበብ አላገኘም። በ1957 በሌላ ክስ የሰጠውን አተረጓጎም ተከትሎ መቃወሚያዋን ጣለው።

አንቀጽ ጠባቂ፦
ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። «ሰበብ ካገኘሁ እወጣለሁ» የሚል ፍርድ ቤት ልማድ አለው እንጂ ፈለግ የለውም። ያን ጊዜ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ከ1898 ጀምሮ በራሱ ውሳኔ ታስሮ ኖሯል፤ ስህተቱን ቢያውቅ እንኳ ፓርላማ ካልለወጠለት መውጫ አልነበረውም። ፈለግ ማለት ይህ ነው። ሔግስ? በ1962 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ስለ ናሚቢያ አስተዳደር በደቡብ አፍሪካ ላይ ያቀረቡትን ክስ 8 ለ7 «ይሰማል» አለ። በ1966 በዚያው መዝገብ ድምፁ 7 ለ7 እኩል ተከፍሎ፣ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ «በጉዳዩ ያላችሁን መብት አላስረዳችሁም» ብሎ ዘጋው። ገና አራት ዓመት ያልሞላውን የገዛ ፍርዱን ያልተከተለ ፍርድ ቤት ነው።

ሚዛን፦
የጌቶቹን ምክር ቤት ካነሳህ እስከ መጨረሻው ንገራቸው እንጂ። ሔግ ያን ክስ የዘጋው ጁላይ 18 ቀን 1966 ነው። በስምንተኛው ቀን፣ ጁላይ 26፣ የጌቶች ምክር ቤት ተገቢ ሆኖ ሲታየው ከቀድሞ ውሳኔው እንደሚወጣ አስታወቀ። በአንተ አነጋገር ከዚያ ቀን ወዲህ እንግሊዝም ፈለግ የላትም ልትለን ነው?

አንቀጽ ጠባቂ፦
የበታች ፍርድ ቤቶቿ እስከ ዛሬ ይገደዳሉ። ሔግ የበታች ፍርድ ቤት የለውም። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ አታድበስብሰው።

የሔግ ተከታታይ፦
ስለ 1966 እኔ ልናገር። ያ ፍርድ ፈለግ ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ከእሱ ለመላቀቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷልና። የተባለው እንዲህ ነው፦ አንድ አገር እሱ ሳይጎዳ ስለ ሁሉም ብሎ መክሰሱ በጊዜው በነበረው ዓለም አቀፍ ሕግ አይታወቅም። በ1970 የባርሴሎና ትራክሽን ፍርድ መጣ። ቤልጂየም በዚህ ስም በሚጠራው ኩባንያ ውስጥ ስለነበሩ ባለአክሲዮኖቿ ስፔንን ከሳ የተረታችበት ነው። በፍርዱ ቁጥር 33 እና 34 ላይ ግን ወረራን፣ ዘር ማጥፋትን፣ ባርነትንና የዘር መድልዎን የሚከለክሉ ግዴታዎች ለመላው ዓለም የተገቡ ናቸው፣ ሁሉንም አገር ያገባዋል የሚል ሰፈረ። በ2012 በስቃይ ፈጻሚነት በተከሰሱት የቀድሞ የቻድ ፕሬዚዳንት በሂሴን ሃብሬ ጉዳይ ቤልጂየም ሴኔጋልን ስትከስ ያ ሐሳብ ለጸረ ስቃይ ስምምነቱ አባላት ሠራ። በ2022 ጋምቢያ፣ በሮሂንጊያዎች ላይ ዘር ማጥፋት ፈጽማለች ባለቻት ማይናማር ላይ፣ 15 ለ1 የመክሰስ መብት አገኘች። ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 ደቡብ አፍሪካ እስራኤልን በከሰሰችበት ጊዜያዊ ትእዛዝ ላይ ይህ ነጥብ ጋምቢያን በመጥቀስ በጥቂት መስመር ታለፈ። የመክሰስ መብቷን እስራኤልም በዚያ ደረጃ አልተቃወመችም። በ1966 መዝገብ ያዘጋ ጥያቄ በ2024 የማይከራከሩበት ሆነ። ማንም አልተገደደም፤ ግን እንዲህ ሆነ።

አንቀጽ ጠባቂ፦
ራስህ መሰከርክ። የ1970 ፍርድ ሁለቱ ቁጥሮች ለውሳኔው አያስፈልጉም ነበር፤ የጎንዮሽ አስተያየት ናቸው። በየትኛውም የሕግ ትምህርት ቤት ይህ አያስገድድም። ጋምቢያን ያስከሰሳት የ1948ቱ የዘር ማጥፋት ስምምነት አንቀጽ 9 እንጂ የባለአክሲዮን ክርክር አይደለም።

ሚዛን፦
አንቀጽ 9 ሥልጣን ይሰጣል። ያልተጎዳ አገር ይከሳል ወይ የሚለውን ግን አይመልስም፤ ማይናማርም የተከራከረችው በዚያ ላይ ነው። ደግሞ «የጎንዮሽ» የሚለውን ቃል ቀለል አድርገህ አትጠቀምበት። የፍርዱ ምክንያት የት ያልቃል፣ የጎንዮሹ የት ይጀምራል የሚለውን የሚወስነው በኋላ የሚመጣው ዳኛ ነው። የ1932ቱን የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የቀንድ አውጣ ጉዳይ ውሰድ፤ አንዲት ሴት ከጠጣችው ጠርሙስ ቀንድ አውጣ ወጣ ብላ አምራቹን የከሰሰችበት ነው። 3 ለ2 የተወሰነው ነገር ምንድን ነው? ውስጡ በማይታይ ጠርሙስ ስለታሸገ መጠጥ? ሸማቹ ሊመረምረው ስለማይችል ማንኛውም ምርት? ወይስ ሊጎዳ ስለሚችል ባልንጀራ ሁሉ? ከጥቂት ዓመት በኋላ ኬሚካል የተረፈበት የውስጥ ልብስ ቆዳ ሲያቆስል አምራቹ «የእኔ ዕቃ እንደ ጠርሙሱ አልታሸገም» ብሎ ሊለይ ሞከረ። አልተቀበሉትም። ዋናው ነገር ጉድለቱ ተደብቆ ሸማቹ ዘንድ መድረሱ ነው ተባለ። ቀዳሚ ውሳኔ የሚሰፋውም የሚጠበውም እንዲህ ነው፦ ፍሬ ነገሮቹን ትዘረዝራለህ፣ የትኛው ቢነሳ ፍርዱ ይለወጥ ነበር ብለህ አንድ በአንድ ትፈትሻለህ።

ሕግ ተማሪ፦
«የጎንዮሽ አስተያየት» ጥሩ አማርኛ አይመስለኝም። በላቲኑ «ኦቢተር» ብንለው አይሻልም?

ሚዛን፦
አይሻልም። ለደንበኛ ስታስረዳ «ኦቢተር» ብትለው የሚገባው የለም።

ምክር ቤት አዋቂ፦
ሁላችሁም ፍርድ ቤት ላይ ተጣብቃችኋል። አስገዳጅ ዳኛ በሌለበት ፈለግ እንዴት እንደሚሠራ የአሜሪካን ሴኔት ተመልከቱ። በደንቡ 22 መሠረት ክርክር ለመዝጋት 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ኖቬምበር 21 ቀን 2013 የዴሞክራቶቹ መሪ ሃሪ ሪድ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀር ለሌሎች ሹመቶች ተራ አብላጫ ይበቃል ሲሉ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሱ። ሰብሳቢው በደንቡ መሠረት አይበቃም ብሎ ወሰነ። ሪድ ይግባኝ አሉ። ምክር ቤቱ የሰብሳቢውን ውሳኔ 52 ለ48 ሻረው። አለቀ። ከደንቡ አንዲት ፊደል አልተነካችም፤ የተለወጠው ፈለጉ ነው። «ከጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀር» የሚለው አጥር ግን አራት ዓመት አልቆየም፤ ኤፕሪል 6 ቀን 2017 የሪፐብሊካኖቹ መሪ ማኮኔል ያንኑ መንገድ፣ በዚያው 52 ለ48፣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ለታጩት ለጎርሰች ተጠቀሙበት።

ነገረ ሕግ፦
የፈለግ አደጋው እዚህ ላይ ነው። የከፈተው ሰው ያጠረው አጥር አብሮ አይተላለፍም። ኮሶቮም እንዲሁ። በ2008 ከሰርቢያ ተነጥላ ነጻነቷን ስታውጅ እውቅና የሰጧት መንግሥታት «ልዩ ጉዳይ ነው፤ ለሌላ ምሳሌ አይሆንም» አሉ። ማርች 2014 የክራይሚያ የነጻነት መግለጫ ግን ሔግ በጁላይ 22 ቀን 2010 ስለ ኮሶቮ የሰጠውን የምክር አስተያየት በቀኑ ጠቅሶ ወጣ።

አንቀጽ ጠባቂ፦
ታዲያ የእኔን ክርክር እያጠናከርክልኝ ነው። ፈለግ የምትሉት ነገር ኃይለኛ የሚፈልገውን ጠቅሶ የሚያልፍበት ሰበብ ነው።

የሔግ ተከታታይ፦
አይደለም፤ አስተያየቱን አንብበው። 10 ለ4 የተባለው መግለጫ ማውጣቱ ብቻውን ዓለም አቀፍ ሕግን አልጣሰም ነው። የመገንጠል መብትንም ሆነ እውቅናን አልመለሰም። ቁጥር 81 ላይ ደግሞ ሕገ ወጥ ከሆነ የኃይል አጠቃቀም ጋር የተያያዘ መግለጫ ሌላ እንደሆነ ለይቷል። ክራይሚያ ውስጥ የሩሲያ ወታደር ነበር። የሚለየው ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ100 ድጋፍ፣ 11 ተቃውሞና 58 ድምፀ ተአቅቦ የክራይሚያን ሕዝበ ውሳኔ ዋጋ አሳጣው። ፈለግ ባይኖር ኖሮ ያ ልዩነት የሚለካበት ነገር አይኖርም ነበር።

አንቀጽ ጠባቂ፦
100 ድምፅ ድንበሩን መለሰው? ይህን መልስልኝ። ከዚያ ደግሞ የ2016ቱን የማርሻል ደሴቶች ፍርድ አስረዳኝ፤ ደሴቶቹ ስለ ኑክሌር ትጥቅ ማስፈታት የከሰሱበትን። ክርክር ነበረ ለማለት ተከሳሹ ተቃውሞውን ማወቅ ነበረበት የሚል መስፈርት ከየት መጣ? በእንግሊዝ ላይ 8 ለ8 ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ነው ክሱ የወደቀው፤ ልክ እንደ 1966።

የሔግ ተከታታይ፦
ተቃዋሚ ዳኞቹ አብዛኛው ከቀድሞ ፍርዶች ወጣ ብለው ጽፈዋል፤ አብዛኛው ደግሞ አልወጣሁም ብሏል። በዚያ ፍርድ ላይ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ።

አንቀጽ ጠባቂ፦
እንግዲያው ሔግ ፈለግ የለውም።

ነገረ ሕግ፦
አልወጣሁም ብሎ ለማስረዳት ለምን ደከመ ታዲያ?