አንድ ጆሮዬ መጮህ አላቆም አለኝ፤ ምን ይሆን?

ሰላም ለሁላችሁ። ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን የፉጨት ድምፅ አለ። ቀን ቀን ይሻለኛል፤ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። እናቴ ሰው እያማህ ነው ትላለች፣ እኔ ግን በጣም ጨንቆኛል።

የምሠራው ብረታ ብረት ቤት ነው፣ ግራይንደሩ ሲጮህ ነው የሚውለው። ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ለረጅም ሰዓት ሲሰሙት የውስጥ ጆሮን ሕዋሶች እንደሚጎዳ፣ የሞቱትም ተመልሰው እንደማይተኩ አውቃለሁ። ግራ የገባኝ፣ ጩኸቱ ለሁለቱም ጆሮዬ እኩል ሆኖ ሳለ ለምን በአንዱ ብቻ? ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ኩክ የለህም፣ ግፊትህም ደህና ነው ብለው መለሱኝ፤ የመስማት ምርመራ ግን አላደረጉልኝም። ደግሞ በቅርቡ ለኢንፌክሽን ጀንታማይሲን መርፌ ተወግቻለሁ፣ እሱም ጆሮ ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው፤ ስለ መርፌው ግን ማንም አልጠየቀኝም።

እባካችሁ፣ በአንድ ጆሮው ብቻ የጮኸበት ሰው ካለ ይንገረኝ። አንገት በላይ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ምን ምርመራ ታዘዘላችሁ? መንስኤውስ ምን ሆኖ ተገኘ? ሥራዬን ማቆም ስለማልችል የጆሮ መከላከያ የት እንደሚሸጥም ብትጠቁሙኝ።