የነርሰሪ 30 ሰዓት፦ ዜሮ አወር ኮንትራት ያለው ሰውም ያገኛል፣ ቀኑን ግን አታሳልፉ

ጥያቄ፣ ከበርሚንግሃም

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኬር ሆም ነው የምሠራው፣ ኮንትራቴ ዜሮ አወር ነው፣ ማለትም በሳምንት ይሄን ያህል ሰዓት ትሠሪያለሽ ብለው ቃል አይገቡልኝም። ባለቤቴ ታክሲ ከጀመረ ገና ስድስት ወሩ ነው፣ ሰልፍ ኢምፕሎይድ (ለራሱ የሚሠራ) ሆኖ። ልጃችን ኦክቶበር ላይ ዘጠኝ ወር ይሞላዋል። ዩኒቨርሳል ክሬዲትም (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን ድጎማ) ትንሽ ትንሽ እናገኛለን። ነርሰሪ ዞሬ ስጠይቅ በወር የነገሩኝ ብር ከደሞዜ ብዙም አይተናነስም፣ ታዲያ ለምን እሠራለሁ ልጄን ይዤ ብቀመጥ አይሻልም ወይ እያልኩ ነው። ሰው ሁሉ 30 ሰዓት ነፃ ነው ይለኛል፣ ሌሎቹ ደግሞ እሱ ቋሚ ሥራ ላለው ብቻ ነው አሉኝ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከሎንዶን

እህቴ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ሥራሽን እንዳትተዪ! ለናንተ ይሠራል። ቋሚ ሥራ ላለው ብቻ ነው ያሉሽ ሰዎች ተሳስተዋል፣ በዚህ ወሬ ምክንያት ሳያመለክቱ የቀሩ ብዙ ሐበሾች ስላሉ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

እንግሊዝ ውስጥ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ወላጆቹ የሚሠሩ ልጅ ከዘጠኝ ወሩ አንስቶ ትምህርት ቤት እስኪገባ በሳምንት 30 ሰዓት መንግሥት ይከፍልለታል። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሌላ ሕግ ስላላቸው እዚያ ያላችሁ ይሄን ለራሳችሁ አትውሰዱት። የሚያዩት ኮንትራትሽን አይደለም፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ስንት አገኛለሁ ብለሽ እንደምትጠብቂ ነው። ቢያንስ በሚኒመም ዌጅ (በሕግ በተወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ) በሳምንት 16 ሰዓት የሠራ ሰው የሚያገኘውን ያህል መሆን አለበት። ሚኒመም ዌጁ በየኤፕሪሉ ይለወጣል፣ በኤፕሪል 2025 ዕድሜው 21 እና ከዚያ በላይ ለሆነ 12.21 ፓውንድ ነበር የገባው፣ በዚያ ሲሰላ በሳምንት 195.36 ይመጣል። ልብ በይ፣ የሚቆጠረው ብሩ እንጂ ሰዓቱ አይደለም። በሰዓት 14 ፓውንድ የሚከፈላት ሴት 14 ሰዓት ብትሠራ 196 ፓውንድ ነው፣ በዚያ ሂሳብ አለፈች ማለት ነው። ደግሞ የሦስቱ ወር አማካይ ስለሆነ አንድ ሳምንት ሺፍት ባይሰጡሽና በሌላው ሳምንት ደርበሽ ብትሠሪ ችግር የለውም። ባለቤትሽ ደግሞ ሰልፍ ኢምፕሎይድ ከሆነ ገና 12 ወር ስላልሞላው በእሱ በኩል የገቢ መጠኑን አይጠይቁትም። ሁለታችሁም መሥራት አለባችሁ፣ ወይም አንዱ በሕመም ምክንያት መሥራት ባለመቻሉ ወይ ሰው በማስታመሙ (ለምሳሌ ኬረርስ አላወንስ) ቤኔፊት የሚያገኝ ከሆነ የሌላው ሥራ ብቻ ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር ቀኑ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ዘጠኝ ወር በሞላው ማግስት አይጀምርም፣ ከሞላው በኋላ ባለው ተርም ነው የሚጀምረው። ተርሞቹ ጃንዋሪ 1፣ ኤፕሪል 1 እና ሴፕቴምበር 1 ናቸው። የናንተ ልጅ ኦክቶበር ላይ ስለሚሞላው የሚጀምረው ጃንዋሪ ነው፣ እስከ ዲሴምበር 31 አመልክታችሁ ኮዱን መያዝ አለባችሁ። ማመልከት የሚቻለው ልጁ 23 ሳምንት ከሞላው ጀምሮ ነው። ጎቭ ዶት ዩኬ (የመንግሥት ድረ ገጽ) ላይ ስትጨርሺ 11 አሃዝ ያለው ኮድ ይሰጥሻል፣ ከኮዱ ጋር ከመቼ እንደሚያገለግል ተጽፏል፣ ነርሰሪዋ የምታየው እሱን ቀን ነው። ቀኑ ጃንዋሪ 3 የሚል ከሆነ ልጁ ቢሞላውም፣ ነርሰሪው ቦታ ቢኖረውም፣ እስከ ኤፕሪል ከኪሳችሁ ነው የምትከፍሉት። በሦስት ቀን ሦስት ወር! አንዳንዱን ሰው ፔይስሊፕ ምናምን አምጣ ይሉታል፣ እሱ ራሱ ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ የገና ሰሞን እስኪመጣ አትጠብቁ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ካለሽ ደግሞ ወደ ሥራ የምትመለሺበት ቀን ሂሳብ ውስጥ ይገባል፣ ፎርሙ ላይ በትክክል ሙዪው።

ኮዱ ከወጣ በኋላም በየሦስት ወሩ ገብተሽ ምንም የተለወጠ ነገር የለም ብለሽ ማረጋገጥ አለብሽ። ቀድሞ ያመለከተ ሰው ተርሙ ሳይጀምር ሊያልፍበት ይችላል። ስልክሽ ላይ አላርም አድርጊበት፣ ባለቤትሽም ስልክ ላይ ይሁን።

ነፃ ሲባል ግን እንዳትታለሉ። 30 ሰዓቱ ለ38 ሳምንት ነው፣ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ጊዜ ብቻ። በዓመት 1,140 ሰዓት ማለት ነው። አንዳንድ ነርሰሪ ለ52 ሳምንት ያከፋፍለዋል፣ ያን ጊዜ በሳምንት ወደ 22 ሰዓት ይወርዳል። ለቀረው ሰዓት ዩኒቨርሳል ክሬዲታችሁ አለ፣ ከከፈላችሁት 85 በመቶውን ይመልሳል፣ በ2025/26 ለአንድ ልጅ በወር እስከ 1,031.88 ፓውንድ፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 1,768.94 ነበር ጣራው። ኢንቮይሱን አካውንታችሁ ላይ ቶሎ አስገቡ። ገና ሥራ የምትጀምሪ ወይ ሰዓት የምትጨምሪ ከሆነ የመጀመሪያውን ክፍያ ቀድመው እንዲሰጡሽ ወርክ ኮችሽን (ዩኒቨርሳል ክሬዲትሽን የሚከታተለውን ሠራተኛ) ጠይቂ፣ ከ2023 ጀምሮ ይቻላል፣ ካልጠየቅሽ ግን ላይነግሩሽ ይችላሉ። ታክስ ፍሪ ቻይልድኬር የሚባለውን ግን አትንኩት፣ እሱ 8 ፓውንድ ስታስገቢ መንግሥት 2 የሚጨምርበት ነው፣ በዓመት ለአንድ ልጅ እስከ 2,000፣ ጥሩ ነገር ነው ግን ከዩኒቨርሳል ክሬዲት ጋር አብሮ አይሄድም። ማመልከቻው ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ስትሞሉ የምትፈልጉት ነፃ ሰዓቱን ብቻ መሆኑን አይታችሁ ምረጡ።

ስለ ኢንቮይስ ካነሳሁ፣ የኛ የመጀመሪያ ነርሰሪ በየቀኑ "ኮንሲዩመብልስ" እያለ ይጨምርብን ነበር፣ ምሳ ነው ዳይፐር ነው የሚለይበት ነገር የለም፣ አንድ መስመር ብቻ። ምግብ፣ ዳይፐር፣ የፀሐይ ክሬም ላይ ማስከፈል ይችላሉ፣ ግን ይሄን ካልከፈልሽ ነፃውን ቦታ አንሰጥሽም ማለት አይችሉም። ካውንስሎች የሚመሩበት መመሪያ ይሄን ይከለክላል፣ ኢንቮይሱም እያንዳንዱ ነገር ተለይቶ የተጻፈበት እንዲሆን ይጠይቃል። ምሳ ከቤት ይዞ ይምጣ ወይ ዳይፐር እኛ እናምጣ ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ለካውንስሉ መክሰስ ትችላላችሁ።

የሺፍት ሥራ ስለሆንሽ ደግሞ ነርሰሪ ብቻ አትይ፣ በኦፍስቴድ (የልጆች መዋያዎችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) የተመዘገበች ቻይልድማይንደርም፣ ማለትም ቤቷ ልጆች የምትይዝ ሴት፣ በዚሁ ኮድ ልትቀበል ትችላለች። ፈንዱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት፣ በቀን በድምሩ ከ10 ሰዓት ሳይበልጥ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድም የሚቀበል ካገኘሽ ይቻላል። የሰባት ሰዓት ተኩል ፈረቃ ከሆነ በሳምንት አራት ቀን ሊሸፍንልሽ ይችላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በዓመት 99,000 ፓውንድ ቢያገኙ ይሄንን እርዳታ ይወስዳሉ፣ ጣራው ለአንድ ሰው 100,000 ስለሆነ። አዲስ የመጣች እናት እንግሊዝኛ ልማር ሥራ ልፈልግ ብትል ግን ሥራ የላትምና 30 ሰዓቱ አይገባትም፣ ልጁን የሚይዝላት ከሌለ ደግሞ እንዴት ትማራለች? ለኤምፒያችሁ ስትጽፉ ይሄን አንሱ።

ጥያቄ፣ ከሊድስ

እግዜር ይስጥልኝ ጥሩ ነው ያብራራሽው። የኛ ቪዛ ላይ ኖ ፐብሊክ ፈንድስ (የመንግሥት ድጎማ መውሰድ አይፈቀድም) የሚል አለ፣ ሁለታችንም እንሠራለን፣ ልጃችን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ለኛ ምንም የለም ማለት ነው?

መልስ፣ ከሎንዶን

ወንድሜ አለ! 30 ሰዓቱን ለማግኘት ከሁለታችሁ ቢያንስ አንዳችሁ ፐብሊክ ፈንድ የማግኘት መብት ሊኖራችሁ ይገባል፣ ሁለታችሁም ከሌላችሁ እሱ ይቀራል። ግን ለሁለት ዓመት ልጅ የሚሰጥ ሌላ 15 ሰዓት አለ፣ ኖ ፐብሊክ ፈንድስ ላላቸውም ይሰጣል፣ የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ። አንድ ልጅ ካላችሁ ከሎንዶን ውጪ እስከ 26,500 ፓውንድ፣ ሎንዶን እስከ 34,500። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከሎንዶን ውጪ 30,600፣ ሎንዶን 38,600። ቁጠባችሁም ከ16,000 መብለጥ የለበትም። ሁለታችሁም ሙሉ ሰዓት ከሠራችሁ ሊያልፍባችሁ ይችላል፣ ገቢያችሁን ደምራችሁ እዩት። ይሄኛው በዋናው ማመልከቻ አይደለም፣ የሊድስ ካውንስል ጋ ነው የሚጠየቀው፣ ገቢያችሁንና ቪዛችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ።

ያ ባይሳካ እንኳ ሦስት ዓመት ሲሞላት ከዚያ በኋላ ካለው ተርም ጀምሮ 15 ሰዓት ታገኛለች፣ እሱ ሥራም ገቢም ቪዛም ሳይጠየቅ ለሁሉም ልጅ ነው፣ ቪዛችሁ ላይ ከተከለከለው ፐብሊክ ፈንድ ውስጥም አይቆጠርም። ነርሰሪው አይቻልም ካላችሁ የካውንስሉን ፋሚሊ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስ ደውላችሁ ጠይቁ፣ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁም ንገሯቸው።