መነጽር የሚያደርግ ወጣት ፓይለት ለመሆን ዓይኑን በሌዘር መታከም አለበትን?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን ከፓይለትነት ሌላ ምኞት የለውም። ሆኖም የሩቁን አጥርቶ ስለማያይ መነጽር ያደርጋል፤ የመነጽሩም ቁጥር ካምና ወዲህ ከ-2 ወደ -2.75 ከፍ ብሏል። ዘመዶቻችን በሌዘር እንዲታከም ይመክሩናል። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
መነጽር ማድረጉ ብቻውን ከሙያው አያግደውም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለንግድ በረራ አብራሪዎች ለሚሰጠው የአንደኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት የሚጠይቀው እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር)፣ ሁለቱ በአንድነት 6/6 (ልክ እንደ ጤነኛ ዓይን) እንዲያዩ ሲሆን፣ ይህም በመነጽር ታግዞ ሊሟላ ይችላል፤ በበረራ ጊዜ ተለዋጭ መነጽር መያዝ ግን ግዴታ ነው። ማሠልጠኛዎች ከዚህ የጠበቀ መስፈርት ሊያወጡ ስለሚችሉ የምዝገባውን ማስታወቂያ በጥንቃቄ ያንብቡ።

መልስ 2፣ ከባሕር ዳር፦
በዓይን ሕክምና ላይ እንደሚሠራ ሰው አደራ የምለው፣ እባክዎ አይቸኩሉ። ቁጥሩ ገና እየጨመረ ያለ ዓይን ዛሬ ቢስተካከል ነገ መልሶ ይደበዝዛልና፣ ዕድሜው 18 መሙላቱና ቁጥሩ ቢያንስ ለ1 ዓመት ሳይለወጥ መቆየቱ ይጠበቃል። የኮርኒያው (የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ክፍል) ውፍረትና ቅርጽም አስቀድሞ ይለካል፤ የሳሳ ወይም ወደ ፊት የሾለ ከሆነ ሌዘር ጉዳቱን ያባብሰዋል። ላሲክ በተባለው የሌዘር ሕክምና ስስ የኮርኒያ ሽፋን ተገልጦ ይመለሳል፤ ፒአርኬ በተባለው ሌላ የሌዘር ሕክምና ግን የላይኛው ሕዋስ ብቻ ስለሚነሣ ማገገሙ ቢዘገይም የሚገለጥ ሽፋን የለም። አንዳንድ ታካሚዎች በሌሊት በመብራት ዙሪያ ጮራ ያያሉ፤ ይህ ለአብራሪ ቀላል ነገር አይደለም።

መልስ 3፦
የቀለም ዕይታውንም በኢሺሃራ ሰሌዳ (በባለቀለም ነጠብጣቦች መካከል ቁጥር በሚያስለይ መመርመሪያ) አሁኑኑ ያስመርምሩ፤ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር በሌዘር አይስተካከልም።