ከመተማ እስከ ደባርቅ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ትምህርትና ምርምር እንዲጠናከር ማኅበራችን የሚያቀርበውን ፕሮፖዛል በዚህ ሳምንት መጨረስ አለብን። የመጀመሪያው ረቂቅ አብዛኛውን በጀት ለኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ሰጥቶታል። የሚቀየር ካለ አሁኑኑ በሉ።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተማሪ የከባቢ አየርን ቀመር በጠመኔ ብቻ ተምሮ መውጣት የለበትም። ኢአርኤ5 (ERA5) የሚባለው፣ ልኬትንና የኮምፒውተር ሞዴልን አጣምሮ የተሠራ የዓለም አየር ዳታ በነጻ ይገኛል። ከ1940 ጀምሮ የየሰዓቱን ሙቀት፣ ነፋስና ዝናብ ይሰጣል። ጥሩ ኮምፒውተር ካለን እዚሁ ቁጭ ብለን የዓለምን አየር ማጥናት እንችላለን። ይህ ዕድል እንዲያመልጠን አልፈልግም።

ምሩቋ፦
ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ያስፈልጋል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ኢአርኤ5 ምድርን በካሬ ከፋፍሎ ለአንዱ ካሬ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ የካሬው ጎን 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ ቆመው ወደ ሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ይመልከቱ። እላይ ጋቢ ተለብሷል፣ እታች ዛሪማ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ሲያጠቃልላቸው ምን ቀረልን?

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ የአንድ ጣቢያ የዝናብ መዝገብ ወሰድኩ። በአንዱ ዓመት ሐምሌ ላይ ለ19 ቀን ተከታታይ ዜሮ ተጽፏል። ደጋ ላይ በሐምሌ 19 ቀን ሳይዘንብ! ድርቅ አገኘሁ ብዬ ሁለት ወር ሠራሁበት። በኋላ ዋናውን ወረቀት ሳይ ቦታው ባዶ ነው። ያን ሰሞን የለካ ሰው አልነበረም። ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ሰው ባዶውን ዜሮ አደረገው። ወረቀቱን ባላይ ኖሮ ውሸት ይዤ እመረቅ ነበር። ስለዚህ መለኪያውና መዝገቡ ይቅደም እላለሁ።

ከዳባት፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፦
እህቴ ልክ ብላለች። እኛ ትምህርት ቤት የዝናብ መለኪያ ብታስቀምጡልን እኔና ተማሪዎቼ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እናነባለን። ቅዳሜና እሑድም ቢሆን። ዋናው ነገር የሚለካው ሰው የቦታው ነዋሪ መሆኑ ነው። ከጎንደር እየተመላለስን እንለካለን ካላችሁ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መዝገቡ ይበሳል። ደግሞ እኛ ጋ በረዶ ይጥላል። በረዶው ቀልጦ ነው የሚለካው፤ ይህን ለልጆቹ የሚያሳይ ሰው ላኩልን።

ከሕክምናው ወገን፦
እኔም ልጨምር። የደምቢያን ወባ የምናጠና ሰዎች ዝናቡን የግድ እንፈልጋለን። ትንኟ የምትራባው ክረምቱ ሲወጣ በሚቀረው ኩሬ ነው። ዳባት ላይ ዩኒቨርሲቲው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተሰቦችን ልደትና ሞት የሚከታተልበት የምርምር ማዕከል አለው። ከዚያ መዝገብ ጎን የዕለት ዝናብ ቢቀመጥ ስንት ጥያቄ ይመለሳል!

የፊዚክስ መምህሩ፦
ልጄ፣ የ19 ቀኑ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እሺ፣ ቅደም ተከተሉ ይቀየር። እንዲያውም ለማስተማርም ይሻላል። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ ጎንደር 2,100 ገደማ፤ ደባርቅ 2,800 አካባቢ። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ተማሪው ቴርሞሜትር ይዞ መንገዱን ቢወጣ ግን ራሱ ያገኘዋል። አንዳንድ ቀን ቀመሩ አይሰራለትም፤ ለምን እንዳልሰራ መጠየቅ ይጀምራል። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ለኮምፒውተሩም ግን ጥቂት በጀት ይተውልኝ። የለካነውን ከኢአርኤ5 ጋር የምናስተያየው በምንድን ነው?

ሰብሳቢዋ፦
ይተዋል ጋሼ። እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይስተካከል። አንደኛ፣ መተማ፣ አይከል፣ አዘዞ፣ ቆላ ድባ፣ ዳባትና ደባርቅ ላይ ዝናብና ሙቀት መለኪያ ይቀመጥ፤ አንባቢዎቹ የየቦታው መምህራን ይሁኑ፣ አበልም ይያዝላቸው። ሁለተኛ፣ የቆዩ የወረቀት መዝገቦች በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ፎቶ ይነሱ፣ ከዚያ ይገልበጡ። ባዶ ባዶ ሆኖ ይቅር። ሦስተኛ፣ የመስክ ልኬት በኮርሱ ውስጥ ውጤት ይኑረው። ኮምፒውተሩ አራተኛ ነው።

ምሩቋ፦
የአበሉ ጊዜ ላይ አደራ። የአንድ ቦታ አየር ንብረት በ30 ዓመት መዝገብ ነው የሚሰላው። ለሁለት ዓመት በጀት ይዘን ብናቆም አንባቢዎቹን ማታለል ነው። ከፕሮጀክቱ በኋላ ወጪውን ዩኒቨርሲቲው በመደበኛ በጀቱ እንዲይዘው ከአሁኑ እንጠይቅ።

ሰብሳቢዋ፦
ገብቷል፣ ጻፍኩት። የዳባቱ ወንድሜ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ከዛፍና ከጣሪያ የራቀ ቦታ ፈልግልኝ። ፎቶውን እስከ ዓርብ ላክ።

ከዳባት፦
ከባንዲራው ጀርባ አለ። ባሕር ዛፉ ግን ትንሽ ይቀርበዋል፤ ነገ በሜትር ለክቼ እነግራችኋለሁ።