ሬጅስትራር ፋይሌን መለሰብኝ፣ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል (ነርሲንግ፣ ጅማ)

የአጋሮ ልጅ
እባካችሁ ፈጠን በሉልኝ። ጅማ ነኝ። አንድ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ ልመዘገብ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ሬጅስትራሯ ፋይሌን አገላብጣ «የ12ኛ ክፍሉ አቻ ግምት የለውም» ብላ መለሰችው፤ ከዚህ አገሩ 12ኛ ጋር እኩል ነው የሚል ማረጋገጫ የለውም ማለቷ ነው። ዲፕሎማው ኦሪጅናል ነው፣ ማኅተምም አለው። የዲግሪዬንም ትራንስክሪፕት ሰጥቻለሁ፣ አካውንቲንግ ነው። አቻ ግምት ጅማ ላይ የት ይሠራል? በሁለት ቀን ይደርሳል?

ቡና ቁርስ
የየት አገር ዲፕሎማ? ፓስፖርትሽስ የማን ነው? ይሄ እኮ ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ «አሞኛል» ካሉ በኋላ ዝም እንደማለት ነው።

የአጋሮ ልጅ
ይቅርታ፣ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ። ፓስፖርቱም የዚያው። እስከ 8ኛ የተማርኩት አጋሮ ነው። የገባሁት በቱሪስት ቪዛ ነው።

የወረቀት ሰው
የምትፈልጊው ቢሮ ያለው አዲስ አበባ ነው። የ12ኛ ክፍል አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። የዲግሪው ሌላ ቤት ነው፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን። «ሁለቱንም በአንድ ቀን እጨርስልሻለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ቦርሳሽን ያዝ አድርጊ።

ግን ያንቺ ችግር ከአቻ ግምቱ በፊት ይጀምራል። ዲፕሎማው ላይ ያለው የትምህርት ቤቱ ማኅተም ነው፣ እዚህ የሚፈለገው የማረጋገጫ ማኅተም ነው። ከአሜሪካ የመጣ የትምህርት ሰነድ መንገዱ እንዲህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት የተፈረመ ቅጂ ይሰጣል፤ የኖተሪውን ፊርማ የሚኒሶታ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ያረጋግጣል፤ የስቴቱን ማኅተም ዋሽንግተን ያለው ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ) ያረጋግጣል፤ ከዚያ የኢትዮጵያ ኤምባሲ፤ በመጨረሻ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። እያንዳንዱ ቢሮ የሚመሰክረው ከሱ በፊት ለፈረመው ሰው ፊርማ ብቻ ስለሆነ አንዱን ከዘለልሽ ቀጣዩ ይመልስሻል። እንኳን በሁለት ቀን በሁለት ሳምንት ማለቁንም እጠራጠራለሁ። እዚያ ያለ ዘመድ ዛሬውኑ ትምህርት ቤቱ ጋ ይደውል።

ዓርብን ማለፍ የምትችይው በማመልከቻ ነው። «ሰነዴ በማረጋገጥ ሂደት ላይ ነው፣ እስከዚህ ቀን አቀርባለሁ» ብለሽ በቅድመ ሁኔታ እንዲመዘግቡሽ ጠይቂ። መልሱ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይሁን። በቃል «ችግር የለም፣ ክፈይና ጀምሪ» ካሉሽ አትክፈይ። ፋይሉ ያልተሟላ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያዘው መጨረሻ ዓመት ላይ፣ ስሙ ለመውጫ ፈተና ሲላክ ነው።

አጂፕ ሰፈር
አቻ ግምት አሠሪ እህቴ፣ ያለሱ አይሆንም።

ቡና ቁርስ
@አጂፕ ሰፈር እግዜር ይስጥልን፣ እስካሁን ማንም አላለውም ነበር።

መምህር በጡረታ
ልጄ፣ በጎልማሳነት ወደ ትምህርት መመለስሽ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የምትገቢበትን ቤት ዕወቂው። ጅማ የጤና ትምህርት ከተማ ናት። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1983 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተቋቋመ፣ በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መሠረቱ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው፤ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ቀበሌ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃው የት እንደተቆፈረ፣ ሕፃናቱ መከተባቸውን ይመዘግባል። የዛሬ ወጣት ይህን እንደ ቅጣት ያየዋል። ነርስነት መርፌ መውጋት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ትዕግሥት፣ ንጽሕና፣ ትሕትና...

ቡና ቁርስ
ጋሼ፣ ዓርብ ነው የሚዘጋው 🙏

የሌክስ ሹፌር
እኔ ነገሩ ከሥሩ አልገባኝም። የመጀመሪያ ዲግሪ አለሽ፣ ዜጋ ነሽ። እዚያው አሜሪካ ሌላ ዲግሪ ላለው ሰው የተዘጋጀ የተፋጠነ የነርሲንግ ዲግሪ አለ፣ ከ12 እስከ 18 ወር። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ስታትስቲክስ አስቀድመሽ ትጨርሻለሽ፣ ትገቢያለሽ። ካልሆነ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የ2 ዓመት አሶሺየት፤ እሱም ለዚያው ለኤንክሌክስ፣ ለአሜሪካ የነርስ ፈቃድ ፈተና፣ ያስቀምጣል። ጅማ አራት ዓመት ተምረሽ ስትመለሺ ግን ዲግሪሽ ብዙ ጊዜ በሲጂኤፍኤንኤስ (የውጭ ነርሶችን ትምህርት የሚመዝነው የአሜሪካ ድርጅት፣ አሁን ስሙ ትሩሜሪት ሆኗል) መገምገም አለበት፤ ትራንስክሪፕቱን ኮሌጁ ራሱ በቀጥታ ካልላከ አይቀበሉም። የሚያዩትም የአዋቂ፣ የእናቶች፣ የሕፃናትና የአእምሮ ሕክምና ሰዓት ለየብቻው፣ ክፍል ውስጥ ስንት፣ በሽተኛ ላይ ስንት እያሉ ነው። ካሊፎርኒያማ ክፍል የተማርሽውና ሆስፒታል ዋርድ የሠራሽው በተመሳሳይ ጊዜ ካልሆነ ትመልሳለች። ርካሽ መስሎሽ ነው?

የአጋሮ ልጅ
አሜሪካ እመለሳለሁ ያለ ማን ነው? እናቴ እዚህ ናት፣ መሥራትም የምፈልገው እዚህ ነው። አሁን የጠየቅኩት ስለ ዓርብ ነው።

የሌክስ ሹፌር
ዛሬ እንደዚያ ትያለሽ። ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። ለማንኛውም ኮርስ በጨረስሽ ቁጥር ሲለበሱን (የኮርሱን ዝርዝር ይዘት) በማኅተም አስወጪና አስቀምጪ። ከዓመታት በኋላ ሥርዓተ ትምህርቱ ይለወጣል፣ የድሮውን ፈልጎ የሚሰጥሽ አታገኚም።

ሲስተር ማታ ፈረቃ
የሲለበሱ ምክር ትክክል ነው፣ ብትቀሪም ብትሄጂም ይጠቅምሻል። እዚህ የምትቀሪ ከሆነ ግን ከሱ በላይ የሚያስፈልግሽ ሌላ ነው። እስከ 8ኛ አጋሮ ከተማርሽ ኦሮምኛሽ ምን ያህል ቀርቷል? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ በሽተኛው ግን ከገጠር የሚመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። «ማልቱ ኢሲን ዹኩባ?» (ምን ያምዎታል?) ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ችግሩ መልሱን መስማት ላይ ነው። ቁርጠቱ ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ፣ ልጁ ተቅማጥ የያዘው ስንት ቀን ሆነው፣ ይህን በአስተርጓሚ ከወሰድሽ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። አሁንኑ ጀምሪ።

ሌላው፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ዶዝ ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው 6 ወር ሲሞላ። ዋርድ ከመግባትሽ በፊት እንዲያልቅ አሁን መጀመር አለበት። አሜሪካ ተከትበሽ ከሆነ ካርዱን አስልኪ። ሦስተኛው ካለቀ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ የአንቲቦዲ ምርመራ ይሠራል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተከላክሏል ማለት ነው። በመርፌ መወጋት ተማሪ ላይ የሚበዛው ክዳን ልመልስ ሲል ነው፤ ያገለገለ መርፌ ክዳኑ አይመለስም፣ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይጣላል።

የወረቀት ሰው
ቪዛውን ረስተነዋል። በቱሪስት ቪዛ አራት ዓመት አይማሩም። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አውጪ፣ ቢጫ ካርድ የሚሉትን። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የያዘው ሰው የመግቢያ ቪዛም የመኖሪያ ፈቃድም አይጠየቅም፣ ስትመረቂም የሥራ ፈቃድ አትጠየቂም። መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ መቀጠር ብቻ አይፈቀድልሽም። የድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ወይም የእናትሽን ሰነድ አዘጋጂ። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድሽ ካለም አትጣዪው።

ከሁሉ በፊት ግን ሰነዶችሽን ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና ስምሽን ፊደል በፊደል አወዳድሪ። መሐመድ አንዱ ላይ በአንድ ኤም፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤም ከተጻፈ ሁለት ሰው ነሽ። አሜሪካ ስትገቢ አያትሽ ተቆርጦ ከሆነ፣ ወይም በባልሽ ስም ከሆነ፣ ያው ነው። የልደት ዘመንም እይ፤ 1979 ብሎ በኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ሳይለውጥ በቁሙ የገለበጠ ተርጓሚ አለ። እሱን በማረጋገጫ ካላስተካከልሽ አምስቱም ማኅተም የሚመታው በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ነው።

አጂፕ ሰፈር
እኔም አቻ ግምት ያልኩት ለዚህ ነው።

ጅሬን
ማንም ያልጠየቃት ነገር፦ ኮሌጁ የሚሰጠው ዲግሪ ነው ወይስ ሌቭል 4? ሁለቱም «ነርሲንግ» ተብሎ ነው ባነር ላይ የሚለጠፈው። ሌቭል 4 ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ተፈትነሽ የምትወጪበት የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። ዲግሪው ከሆነ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ፣ ካላለፍሽ ዲግሪው አይሰጥሽም። ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና፣ ከዚያ የሙያ ፈቃድ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ፈቃድ አለው ማለት ጅማ ያለው አለው ማለት አይደለም። የፈቃዱን ደብዳቤ አሳዩኝ በይ፣ ፕሮግራሙን፣ ካምፓሱን፣ የሚያበቃበትን ቀን አንብቢ። ለልምምድ የት ሆስፒታል እንደሚልኩም የስምምነቱን ወረቀት ጠይቂ። ዋርድ የሌለው ነርሲንግ የትም አያደርስም። ዓርብ ቢያመልጥሽ እንኳ ይህን ሳታዪ አትቸኩዪ፤ ቸኩሎ መክፈል ነው የሚቆጨው።

ቡና ቁርስ
ፈረንጅ አራዳ ላይ ባነር ሲበዛ አይቼ ኮሌጅ መስሎኝ ገባሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኖ ተገኘ። ቢያንስ ማኅተም ነበራቸው።

የአጋሮ ልጅ
@ጅሬን ብሮሹሩ ላይ «ነርሲንግ» ብቻ ነው የሚለው። ነገ ጠዋት ሄጄ ፈቃዱን አያለሁ። ማመልከቻው በአማርኛ ነው በኦሮምኛ የሚጻፈው?

የወረቀት ሰው
የግል ኮሌጅ ከሆነ የሚሠሩበትን ቋንቋ ጠይቂ፣ እንግሊዝኛም ይቀበላሉ። ሁለት ቅጂ አድርጊ፣ አንዱ ላይ ፈርመው ቀን ጽፈው ይመልሱልሽ።

ወላዲት
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ታናሽ እህቴ ከሱዳን ያመጣችው የ12ኛ ክፍል ወረቀት አለ፣ በዐረብኛ ነው። እሱም በዚህ መንገድ ነው?

የወረቀት ሰው
አዎ፣ ሰነዱ ከወጣበት አገር ይጀምራል። ዐረብኛ ከሆነ ትርጉምም ይጨመራል፣ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ። ትርጉሙና ዋናው ሁልጊዜ አብረው ይቅረቡ፣ ትርጉም ብቻውን አይታይም። የእህትሽንም ስም መጀመሪያ አወዳድሪ።