«ፊልሙ የመጽሐፉ ባለዕዳ ነው» አሉን፤ አበዳሪው ማን ነው?

አሸዋ ጋላቢ፦
ትናንት ከፍራንክ ኸርበርት ልብ ወለድ ስለተሠራው ስለ ዱን ፊልም ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ አንድ ነገር ብል ባለ ብዙ ገጽ ምን ብሎ መለሰልኝ? «ያላነበበ ዝም ይበል። ፊልሙ የመጽሐፉ ባለዕዳ ነው። ዕዳውን ካልከፈለ ስሙን ይመልስ።» ሲያብከነክነኝ አደረ። 166 ደቂቃ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ ያውም ሁለቴ። ያየሁትን ለመናገር ከማን ፈቃድ ላውጣ? ያልኩት ቻኒ ነቢይ የተባለውን ፍቅረኛዋን ፖልን ጥላው ስትሄድ ደስ አለኝ ነው። ወንጀሌ ይኸው ነው።

ባለ ብዙ ገጽ፦
ያልኩትን አልክድም። በመጽሐፉ ቻኒ ጥላው አትሄድም። ፖል ልዕልት ኢሩላንን ለዙፋኑ ሲል ያገባል፣ ቻኒ ግን አብራው ትቀራለች። የመጨረሻው ቃል የፖል እናት የጄሲካ ነው። ስሙን ልዕልቲቱ ትውሰደው፣ ታሪክ ሚስቶች ብሎ የሚጠራው እኛን ቁባቶቹን ነው ትላታለች። ያ ሁሉ ገጽ መጥቶ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የፊልሙ ዳይሬክተር ቪልነቭ ያንን ቆርጦ ጣለና አኩርፋ የምትሄድ ልጅ አሳየን። ዕዳ መካድ ይሄ ካልሆነ ምንድን ነው?

ቅመም ነጋዴ፦
ዕዳ ከሜዳ! ብድሩ ስንት ነበር? ወለድ አለው? ኸርበርት በፈረንጆቹ 1986 አርፏል፤ ደረሰኙን ማን ይፈርማል?

ባለ ብዙ ገጽ፦
ሙድ ያዝ፣ ችግር የለም። ዕዳው ለአንባቢ ነው። የመጽሐፉን ስም ፖስተሩ ላይ የለጠፍከው እኔን ሲኒማ ለማስገባት ነው። ገባሁ። ታዲያ የምወደው ታሪክ የታለ? የፖልን እህት አሊያን እንኳ አልወለዷትም! በመጽሐፉ ታሪኩ ሁለት ዓመት ይዘላል፣ ሕፃኗ ትወለዳለች፣ የቤተሰቡን ጠላት ባሮኑን በመርዝ መርፌ የምትገድለው እሷ ናት። ፊልሙ ላይ ከእናቷ ሆድ ሳትወጣ አለቀ። መጽሐፉ በግልጽ ጂሃድ የሚለውንም «ቅዱስ ጦርነት» ብለው አለሳለሱት። የፖል ቤተሰብ አማካሪ ቱፊር ሃዋትስ የት ገባ?

ሕሊና 9፦
እስቲ ቀስ በሉ። ዕዳው ለመጽሐፉ ነው ወይስ ለጻፈው ሰው? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኸርበርት ዱንን የጻፈው ከነቢይ ነኝ ባይ መሪ ተጠንቀቁ ለማለት ነው። በ1965 ሲወጣ አንባቢው ፖልን ጀግና አድርጎ አረፈው። ሰውዬው በ1969 ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲያወጣ ያንን ስህተት ማረም አንዱ ጉዳዩ ነበር። ቪልነቭ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን የቻኒ ዓይን ላይ አስቀመጠው።

ያንን ትዕይንት መልሳችሁ እዩት። አዳራሹ በሙሉ ተንበርክኳል። እሷ ብቻ ቆማለች። ምንም አትናገርም። ፊቷ ላይ ፍቅርም ንዴትም አለ፣ የትኛው እንደሚበልጥ አይታወቅም። ከዚያ በረሃ ላይ ብቻዋን መንጠቆዋን ይዛ የምትጋልበውን ግዙፍ የአሸዋ ትል ትጠብቃለች። «አኩርፋ» ነው ያልከው? ደራሲው ሁለተኛ መጽሐፍ ጽፎ ያስረዳውን ቪልነቭ በአንድ ፊት ጨረሰው። እኔ ይሄን ክፍያ ነው የምለው። ከነወለዱ።

ቅመም ነጋዴ፦
ሕሊና ጥብቅና ጀመረች። እኔ ደግሞ ሌላ አበዳሪ አለኝ። ዱንን ከ20 በላይ አሳታሚዎች መልሰውበታል። በመጨረሻ ያተመው በመኪና ጥገና መጽሐፍ የሚታወቅ ድርጅት ነው። ዕዳ ካለ ለእሱ ይከፈል።

ጋሽ መዝገቡ፦
ልጆች፣ እኔ የዴቪድ ሊንችን ዱን ያየሁ ሰው ነኝ። በፈረንጆቹ 1984 የወጣውን። መጨረሻው ላይ በረሃው ላይ ዝናብ ያወርዳል። መጽሐፉን ያነበበ ያውቃል፤ ውሃ ለትሎቹ መርዝ ነው። ትል ከሌለ ቅመም የለም፣ ቅመም ከሌለ የጠፈር ጉዞ የለም። ሰውዬው በአንድ ዝናብ ግዛቱን በሙሉ አጠፋው! ስለዚህ የአሁኑን አትውቀሱት፣ ከፍሏል።

ቅመም ነጋዴ፦
ያ ዝናብ እኔን በግል አክስሮኛል።

ጋሽ መዝገቡ፦
ግን ባለ ብዙ ገጽ፣ «ባለዕዳ» ያልከው ነገር ሁልጊዜ አይሠራም። «2001፦ የጠፈር ጉዞ» የሚባለውን ውሰድ፤ መጽሐፉ የክላርክ፣ ፊልሙ የኩብሪክ። በመጽሐፉ መርከቧ ሳተርን ድረስ ትሄዳለች። በፊልሙ ጁፒተር ላይ ነው የምትቆመው። ክላርክ በ1982 ተከታዩን ሲጽፍ የትኛውን ተከተለ? ጁፒተርን! የራሱን መጽሐፍ ትቶ የኩብሪክን ፊልም። እዚህ ባለዕዳው ማን ነው?

ባለ ብዙ ገጽ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ እሱ የተለየ ነው። ክላርክና ኩብሪክ አብረው ነው የሠሩት። መንትዮች አይበዳደሩም።

አሸዋ ጋላቢ፦
እሺ ጁራሲክ ፓርክስ? በክራይተን የመጀመሪያ መጽሐፍ የሒሳብ ሊቁ ማልኮም ሞቷል። በፊልሙ ተረፈ። ክራይተን በ1995 ተከታዩን ሲያመጣ ሰውዬው እያነከሰ ተነስቷል። ፊልም ሙት አስነሳ፣ መጽሐፍ ተቀበለ። ይሄም መንታ ነው?

ባለ ብዙ ገጽ፦
አንተ ጁራሲክ ፓርክን አንብበሃል?

አሸዋ ጋላቢ፦
አላነበብኩም። ግን እውነት ነው ወይስ አይደለም?

ባለ ብዙ ገጽ፦
እውነት ነው። ግን ያላነበበ ሰው ሲነግረኝ ያናድደኛል።

ሕሊና 9፦
😂 ይሄን ያስቀምጡልኝ።

ባለ ብዙ ገጽ፦
ሳቂ። እኔ ደግሞ ሶላሪስን ላምጣላችሁ። ታርኮቭስኪ በ1972 ፊልም አድርጎ ሲሠራው ደራሲው ሌም በሕይወት ነበር። ታርኮቭስኪ ሶላሪስን ሳይሆን የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ነው የሠራው ብሎ ነው ሌም ያማረረው። መጽሐፉ ሰው ሊገባው ስለማይችል አንድ ውቅያኖስ ነው። ፊልሙ ስለ ጸጸትና ስለ ቤት ናፍቆት ሆነ። አበዳሪው ራሱ አልተከፈለኝም እያለ እናንተ ተከፍሎታል ትላላችሁ?

ሕሊና 9፦
ሌም አልተከፈለውም፣ እውነት ነው። ፊልሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሁለቱም ሶላሪስ ይባላሉ፣ ሁለቱም ይኖራሉ። «ስሙን ይመልስ» ያልከው ነው እኔን የማይገባኝ። ብሌድ ረነር የሚለውን ፊልም አስበው። ታሪኩ ከፊሊፕ ኬ. ዲክ መጽሐፍ ነው፣ ስሙ ግን ከዚያ አልመጣም። በ1974 አለን ነርስ ከጻፈው፣ ስለ ሕክምና ዕቃ ኮንትሮባንድ ከሚያወራ ሌላ ልብ ወለድ ነው መብቱን ገዝተው የወሰዱት። ታሪክ ከአንዱ፣ ስም ከሌላው። ስሙን ይመልስ ስትል ለማን?

ቅመም ነጋዴ፦
ለኮንትሮባንዲስቱ።

ሦስት ፀሐይ፦
ዱን ዱን ዱን። እኔ የምላችሁ፣ ዕዳውን እስከ ሳንቲሙ የከፈለ አንድ አለ፤ የቻይናው ቴንሰንት ከሊዩ ሲሺን ልብ ወለድ የሠራው ተከታታይ «ሦስቱ አካላት»፣ 2023፣ 30 ክፍል። ገጽ በገጽ ነው የሄደው። ሁሉንም አይቼዋለሁ። ደስ ይላል፣ ግን ሰዎች ቆመው ሲያብራሩ ሲያብራሩ ስንቴ እንቅልፍ ወሰደኝ። የኔትፍሊክሱ በ2024 መጣና የመጽሐፉን ዋና ገጸ ባሕርይ ዋንግ ሚያውን ለአምስት የኦክስፎርድ ጓደኛሞች ከፋፈለው። ተሰደበ። ግን ያቺ መርከብ በማይታይ ክር ስትቆራረጥ አንዳችሁም ዓይናችሁን አልነቀላችሁም።

ባለ ብዙ ገጽ፦
ኔትፍሊክስማ ዕዳ አልካደም፣ ባንኩን ነው የዘረፈው። አገሩን፣ ሰዉን፣ ሁሉን ቀየረው። መጽሐፉ የቻይና ታሪክ ነው።

ሦስት ፀሐይ፦
እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለህ። ግን አንተ ያነበብከው የእንግሊዝኛውን ነው አይደል? የቻይንኛው መጽሐፍ ሲታተም የባህል አብዮቱን ትዕይንት መሀል ላይ ነበር ያደረገው። መጀመሪያ ላይ ያመጣው የኬን ሊዩ ትርጉም ነው፣ ደራሲው ሊዩ ሲሺን ከጥንቱ እንዳሰበው። ማለትም አንተ ያነበብከው ራሱ ከታተመው ጋር አይገጥምም። በ2015 ሁጎ የሚባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ያሸነፈው ይሄው ትርጉም ነው። አንተም ባለዕዳ ነህ፣ እንኳን ደህና መጣህ።

ባለ ብዙ ገጽ፦
ትርጉም ሌላ፣ መቀየር ሌላ።

ቅመም ነጋዴ፦
ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ።

አሸዋ ጋላቢ፦
ቆይ ቆይ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለ ብዙ ገጽ፣ ያለፈው ወር ከአሲሞቭ መጽሐፍ የተሠራውን ተከታታይ ፋውንዴሽንን ስታወድስ አልነበር? «ሊ ፔስ ንጉሥ ሆኖ ተወልዷል» ያልከው አንተ ነህ። በአሲሞቭ መጽሐፍ ራሳቸውን እያባዙ የሚነግሡ ክሊዮኖች አሉ?

ባለ ብዙ ገጽ፦
የሉም። እነሱ ጭማሪ ናቸው። መጨመር ከመቁረጥ ይለያል።

ሕሊና 9፦
ሳልቮር ሃርዲን በመጽሐፉ ሲጋራ የማይለየው ወንድ ፖለቲከኛ ነው። በተከታታዩ ላይ መሣሪያ የታጠቀች ወጣት ሴት ናት። ይሄ ጭማሪ ነው?

ባለ ብዙ ገጽ፦
እሱን አልወደድኩትም ብያለሁ። ክሊዮኖቹን ነው የወደድኩት። እና ፋውንዴሽንን ካዳመጥኩ ስለቆየሁ ዝርዝሩ አሁን ከእጄ የለም።

አሸዋ ጋላቢ፦
«ካዳመጥኩ»???

ሦስት ፀሐይ፦
ኧረ ጉድ ፈላ።

ባለ ብዙ ገጽ፦
የድምፅ መጽሐፍ መጽሐፍ ነው። ቃሉ ያው ነው።

ቅመም ነጋዴ፦
በስንት ፍጥነት?

ባለ ብዙ ገጽ፦
አንድ ተኩል። ምን አገባው?

አሸዋ ጋላቢ፦
«ያላነበበ ዝም ይበል» ያለው ሰው ሰምቶ ነው! ያውም እየሮጠ! እኔ 166 ደቂቃዬን በአንድ ፍጥነት ነው ያየሁት ወንድሜ።

ጋሽ መዝገቡ፦
ተዉት፣ ማዳመጥም ማንበብ ነው። ፋውንዴሽን ራሱ መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት ከ1942 ጀምሮ በመጽሔት ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የወጣው። እንኳን እናንተ የዛሬዎቹ፣ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎችም ሙሉውን ለማግኘት ዓመታት ጠብቀዋል።

ባለ ብዙ ገጽ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። እዚህ ቤት አንድ ሰው አለ።

ጋሽ መዝገቡ፦
ከአንተ ጋር ተስማማሁ አላልኩም።

አሸዋ ጋላቢ፦
ለማንኛውም፣ አፍ ለመዝጋት ስል ዱንን ጀምሬዋለሁ። በወረቀት። ገጽ 60 ላይ ነኝ። ፖል ሲፈተን እጁን ሳጥኑ ውስጥ የሚከትበት ቦታ ያስፈራል፣ ከፊልሙ ይበልጣል፣ ይሄን አምናለሁ። ግን ዶክተር ዩዌ ከሃዲ መሆኑን ደራሲው ገና ከጅምሩ ነገረኝ! በፊልሙ ደንግጬ ነበር። እዚህ ባሮኑ ቁጭ ብሎ ዕቅዱን በሙሉ ዘከዘከው። የራሱን ታሪክ የሚያበላሽ ደራሲ አይቼ አላውቅም።

ባለ ብዙ ገጽ፦
እሱ ነው ውበቱ! አንተ እያወቅክ እነሱ ሳያውቁ ነው የሚጨንቅህ። ገጽ 60 ላይ ያለ ሰው ስለ አወቃቀር አያወራም።

ቅመም ነጋዴ፦
ስንተኛው ገጽ ላይ ነው መናገር የሚፈቀደው? ቁጥሩን ጻፍልን።

ባለ ብዙ ገጽ፦
ሲጨርስ።

አሸዋ ጋላቢ፦
ከመጽሐፉ ኋላ ያለውን መዝገበ ቃላትም ጨምሮ?

ባለ ብዙ ገጽ፦
መዝገበ ቃላቱንም።

ሕሊና 9፦
አንተ መዝገበ ቃላቱን አዳምጠኸዋል?