የድሬዳዋ የሰፈር መንገድ አስፋልት ይሁን ወይስ ድንጋዩ ይቆይ? ኑ እንከራከር

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ ድሬዎች ሰላም ናችሁ? ትላንት ሻይ ላይ የተነሳ ነገር ነው። አብዛኛው ሰው "ኮብልስቶኑ ተነቅሎ የሰፈሩ መንገድ በሙሉ አስፋልት ይሁን" አለ፣ እኔ ግን በፍፁም አልስማማም። ምክንያቴ ውሃ ነው። አስፋልት ውሃ አያሰርግም፣ የየሰፈሩ ዝናብ ባንዴ ተጠራቅሞ ወደ ደቻቱ ወንዝ ነው የሚወርደው፣ የ1998ቱን ጎርፍ ደሞ ማናችንም አልረሳነውም ከ200 በላይ ሰው ነው በአንድ ሌሊት ያጣነው። አሁን ውሃ የሚያሳልፍ የኮንክሪት ብሎክ አለ፣ ከስሩ የተደለደለው ጠጠር ዝናቡን ይይዝና ቀስ እያለ ወደ መሬት ይለቀዋል። የምንጠጣው የሳቢያን ጉድጓድ ውሃ እኮ ከዛው ከመሬት ነው የሚወጣው።

ባጃጅ ነጂ፦ ኧረ አቦ! ደቻቱ የሞላው ከላይ ተራራው ላይ በዘነበው ነው እንጂ በሰፈር መንገድ አይደለም። እኔ በ2 አመት 3 ጊዜ ሾክ ቀይሬያለሁ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ ያ ድንጋይ ላይ ስሄድ እሷ ስትጮህ እኔ ነኝ የምሳቀቀው። ለሰው አስቡ በናታችሁ።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ የተራራው እውነት ነው ወንድሜ፣ እሱን የሚያቆመው ላይ ዛፍና እርከን ነው። እኔ የምለው እታች ያለነው ደሞ አንጨምርበት ነው።

ሲቪሉ፦ መንገድ ስራ ሙያዬ ስለሆነ ልግባበት። ባጃጅ የሚያነጥረው ድንጋዩ አይደለም፣ ስሩ ያለው ገረጋንቲ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ስለሚነጠፍ ነው፣ ይሰምጥና ይጎረብጣል። አስፋልት በኛ ሙቀት ምን እንደሚሆን ደሞ እዩ፣ በብዛት የምንጠቀመው ሬንጅ 50 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ ፀሀይ የመታው አስፋልት ደሞ ፊቱ 60ን ያልፋል፣ ሲኖትራክ ሲቆምበት ጎድጉዶ የሚቀረው ለዛ ነው። ሬንጁ በዶላር የሚገባ ነው፣ ድንጋዩ ግን የኛው ነው ጠራቢውም የሰፈር ልጅ ነው። ግን ውሃ የሚያሳልፈው ብሎክ ላይም ልቃወም፣ ቀዳዳው ደቃቅ ስለሆነ በኛ አሸዋና አቧራ ቶሎ ይደፈናል። ለኛ የሚሻለው በብሎክና ብሎክ መሀል ያለው ክፍተት ሰፋ ብሎ በደቃቅ ጠጠር የሚሞላው ነው፣ ሲደፈን ጠጠሩ ተጠርጎ ይቀየራል።

የመጋላዋ፦ ፌስታል አስፋልቱ ውስጥ ቢገባስ? ህንዶች ፌስታሉን ከትፈው በጋለ ጠጠር ላይ ያቀልጡትና ከዛ ሬንጅ ይጨምሩበታል፣ የሬንጁንም የተወሰነ ድርሻ ይተካል፣ መንግስታቸው በ2015 በፈረንጅ ትልልቅ ከተሞች አካባቢ ግዴታ አድርጎታል። ደቻቱ ውስጥ የሚንከባለለውን ሃይላንድና ፌስታል ሳይ ሁሌ አንጀቴ ያራል።

ሲቪሉ፦ እህቴ ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ለዋና መንገድ እኔም እደግፈዋለሁ፣ ሬንጁ በሙቀት ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል። ግን እንደ ቱቦ ያለው ፒቪሲ እንዳይቀላቀል መለየት አለበት፣ ሲግል መርዝ ነው የሚተነው። የኛ ፓርላማም በ2017 ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ስላፀደቀ የነገው መንገዳችንን በሱ ላይ መመስረት አይቻልም።

ከዚራ፦ አስፋልቱን ነጣ ያለ ቀለም ቀብቶ ማቀዝቀዝም አለኮ፣ አሜሪካ ፊኒክስ ሞክረውታል።

ሲቪሉ፦ አዎ መንገዱ ቀዘቀዘ፣ ግን ሲለካ ቀትር ላይ ሙቀቱ እየነጠረ የሚመታው በእግሩ የሚሄደውን ሰው ሆነ። እዚህ አብዛኛው ሰው እግረኛ ነው። እንደ ከዚራ ሰፈር ያሉ የጥላ ዛፎች ይበቁናል፣ ድንጋይና ጠጠር ደሞ ለዛፍ ስር ውሃ ያደርሳል።

የባቡር ልጅ፦ አባቴ ምድር ባቡር ነበር፣ ከሱ የተማርኩትን ልናገር። የድሮው ሃዲድ የተኛው በብረት አግዳሚ ላይ ነበር፣ ከስሩ ሹል ሹል ጠጠር፣ ውሃው በመሀሉ ሾልኮ ያልፋል፣ የተበላሸው ቦታ ብቻ ይፈታና ተመልሶ ይታሰራል፣ ሌላውን ማንም አይነካውም። አዲሱ መስመር አግዳሚው ኮንክሪት ነው ግን ጠጠሩ ዛሬም አለ፣ ሌላ አገር ደሞ ከአሮጌ ጎማ የተሰራ ምንጣፍ ከስር ያነጥፉለታል ንዝረቱ ጠጠሩን እንዳይፈጨው። ይቺ ከተማ ከባቡር ነው የተወለደችው፣ መንገዷም ተፈቶ የሚታሰር ቢሆን እመርጣለሁ፣ አስፋልት አንዴ ለቱቦ ከተቆረጠ ጠባሳው አይድንም።

ባጃጅ ነጂ፦ ተፈቶ ይታሰራል አልክ፣ ማን ያስረዋል? እኛ ቅያስ ቱቦ ቀብረው ድንጋዩን ዳር ላይ ከምረውት ሄዱ፣ ክረምቱ አልፎ እስካሁን እዛው ነው፣ ልጆች እግር ኳስ ጎል ሰርተውበታል። መልሶ የሚደረድር ሰውና በጀት አብሮ ይመደብ፣ ያኔ አስፋልቱን እተዋለሁ።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ ይሄን እቀበላለሁ። ቅያሱ የትኛው ነው? ቅዳሜ ጠዋት ሲቪሉን ይዤው ልምጣና ስሩን እንየው፣ ድንጋዩ ካልተሰበረ ለሰፈሩ ልጆች የቀን ስራ ይሆናል።